ሦስተኛው ቅጂ

በ1939 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ፣ በጆሃንስበርግ ከተማ፣ ኤሪክ ጋሎ የተባለው የሸክላ ነጋዴ ባቋቋመው የድምፅ መቅረጫ ክፍል ውስጥ፣ ስድስት የዙሉ ተወላጆች ከጥቂት መሣሪያ መቺዎች ጋር ሆነው አንድ አጭር ዘፈን ለማስቀረጽ ይደክሙ ነበር። የመጀመሪያው ቅጂ አልሰመረም፤ ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ግን፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሦስቱ ከሥር ሆነው አንዱን ቃል እየደጋገሙ ሲያስተጋቡ፣ ጊታሩ፣ ባንጆውና ፒያኖውም ከኋላ ሲከተሏቸው፣ የጓዱ አለቃ ሰሎሞን ሊንዳ በቀጭን ድምፁ ከሁሉ በላይ ከፍ ብሎ ሲያዜም ቆየና፣ ዘፈኑ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው፣ አስቀድሞ ያላሰናዳውን አንድ አጭር ዜማ በድንገት ከልቡ አፍልቆ በኅብረ ድምፁ ላይ ጣለበት፤ መርፌውም እንደ ወጣ ቀረጸው።

የዘፈኑ ስም «ምቡቤ» ነው፤ ትርጓሜውም አንበሳ ማለት ነው። ያች በመጨረሻ የፈለቀችው፣ ከ15 ያህል ድምፆች የተሠራችው ሐረገ ዜማ ከዚያ ክፍል ወጥታ፣ ባሕር ተሻግራ፣ ስሟንና ቋንቋዋን ለውጣ፣ ከ150 በሚበልጡ ድምፃውያን ሸክላና ካሴት ላይ ታትማ፣ ዛሬ በብዙ አህጉር ሕፃናት ሳይቀሩ የሚያውቋት ሆናለች። «ዘ ላየን ስሊፕስ ቱናይት» የሚባለውን የእንግሊዝኛ ዘፈን የሰማ፣ ወይም «ላየን ኪንግ» የተባለውን የሥዕል ፊልም ከልጆቹ ጋር የተመለከተ ሰው ሁሉ የሊንዳን ዜማ ሰምቷል። ዜማይቱ በዓለም ዞራ ይህን ያህል ሀብት ስታስገኝ፣ ያፈለቃት ሰው በድኽነት ኖሮ በድኽነት ማረፉ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ይህም ጽሑፍ የተዘጋጀው ስለዚሁ ነው። ዓመታቱ፣ ተለይቶ ካልተጻፈ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰሎሞን ሊንዳ በ1909 ዓ.ም. በናታል ግዛት፣ በምሲንጋ አውራጃ፣ ፖሜሮይ በምትባል አነስተኛ ከተማ አጠገብ ተወለደ። አገሩ የከብት አገር ነው፤ ልጅነቱም የእረኛ ልጅነት ነበረ፤ ከብት የሚጠብቁ ልጆችም ጥጆቻቸው በአንበሳ እንዳይነጠቁ መትጋት ነበረባቸውና፣ ዘፈኑ የተፀነሰው ከዚሁ ከእረኝነት ዘመን ትዝታ ነው። በአቅራቢያው በነበረው የሚስዮን ትምህርት ቤት ጥቂት ተምሯል፤ በዚያም ከፊደሉ ይልቅ መዝሙሩ በልቡ ሳይታተም አልቀረም። በየሠርጉና በየግብዣው ከእኩዮቹ ጋር እየዘፈነ ካደገ በኋላ፣ በ1931 ዓ.ም. ወርቅ ቆፋሪውና ሎሌው፣ ነጋዴውና ሥራ ፈላጊው ሁሉ ወደሚጐርፍበት ወደ ጆሃንስበርግ ወጣ። በመጀመሪያ በአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ አገለገለ፤ ቀጥሎም በካርልተን ሆቴል ተቀጠረ፤ በመጨረሻም በዚያው በጋሎ ኩባንያ ሸክላ የማሸግ ሥራ አገኘ። የሌሎች ሰዎች ድምፅ የታተመበትን ሸክላ ሲያሽግ የሚውለው ይህ ሰው፣ ማታ ማታ ግን «የምሽት ወፎች» የተባለ የራሱ ጓድ አለቃ ነበር።

የጓዱ አባሎች ከገጠር መጥተው በከተማ የከበሩ ሰዎች መሆናቸውን በአለባበሳቸው ሳይቀር ያስመሰክሩ ነበር። ባለ መሥመር ሙሉ ልብስ ይለብሳሉ፤ ክብ ባርኔጣ ይደፋሉ፤ ሁለት ቀለም ያለው ጫማ ይጫማሉ፤ እንዲህ ሆነው በመድረክ ላይ በተሰለፉ ጊዜ፣ ቀን በጌታው ደጅ «ቦይ» እየተባለ ሲላላክ የዋለው ጥቁር ሕዝብ ራሱን በክብር ተመልክቶ ይደሰት ነበር። ለጋሎ ኩባንያ ድምፃውያንን እየመረጠ የሚያቀርበው፣ ራሱም ጥቁር የሆነው ግሪፊዝ ሞትሲዬሎዋ የሊንዳን ጓድ ሰምቶ ወደ መቅረጫው ክፍል አስገባቸው።

ስለ ዘፈኑ አሠራር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የዙሉ የሠርግ ዘፈን እንደ እኛ አገር ዘፈን አንዱ እያወጣ ሌላው የሚቀበለው ነው፤ ሚስዮናውያን ደግሞ አራት ልዩ ልዩ ድምፆች በአንድ ጊዜ ተደርበው የሚዘመሩበትን የመዝሙር ሥርዓት አመጡ። በዚህም ላይ ኦርፊየስ ማካዱ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ከ1890 ዓ.ም. ጀምሮ ዘማሪዎቹን ይዞ ደቡብ አፍሪካን በዞረ ጊዜ፣ ከባርነት የወጡት የአሜሪካ ጥቁሮች መንፈሳዊ ዝማሬ በዚያ አገር ጥቁር ሕዝብ ልብ ውስጥ ታላቅ መነቃቃትን አሳድሮ ነበር። በሊንዳ ጓድ ዘፈን ውስጥ እነዚህ ሁሉ ተዋሕደው ይሰማሉ። በማኅሌት ቆሞ ያደረ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ መሪው ሲመራ በግራና በቀኝ የተሰለፉት ይቀበላሉና፤ ልዩነቱ የእኛ ሊቃውንት ሁሉም አንዱን ዜማ በአንድነት ሲያደርሱ፣ እነዚህ ግን ድምፃቸውን ከፋፍለው፣ ከፊሉ ከሥር፣ ከፊሉ ከመካከል፣ አንዱ ከላይ ሆነው፣ እርስ በርሱ የሚስማማ ኅብረ ድምፅ መሥራታቸው ነው።

ሊንዳ በዚህ ሥርዓት ላይ የራሱን ነገር ጨመረበት። ከእርሱ በፊት በነበሩት ጓዶች ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘው አንድ ሰው ሲሆን፣ እርሱ ሦስት ሰዎች አቆመበት፤ መሠረቱ እንዲህ በጸና ጊዜም ለራሱ ቀጭን ድምፅ ከላይ ሰፊ ሥፍራ አገኘ። «ምቡቤ» ያሉት ኮርዶች፣ ማለት በአንድ ጊዜ የሚሰሙ የድምፅ ጥምሮች፣ ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ሳያቋርጡ እየዞሩ ይመጣሉ፤ ተቀባዮቹ አንበሳውን የሚጠሩበትን ቃል ሳይሰለቹ ይደጋግማሉ፤ ከዚህ የማይናወጥ መሠረት በላይ የአለቃው ድምፅ አንድ ጊዜ እንደ ጩኸት፣ አንድ ጊዜ እንደ እንጉርጉሮ ሆኖ ይወጣል፣ ይወርዳል። የቀድሞውን ሸክላ ያዳመጠ ሰው በዚያ ድምፅ ውስጥ የአደን ፍርሃትና የአደን ደስታ አብረው እንዳሉ ይገነዘባል። እኔም ከብዙዎቹ ቅጂዎች ሁሉ ይህንን የማስቀድመው ስለዚህ ነው፤ በኋላ የመጡት ድምፁን አጣሩት፣ አሳመሩት፣ አንበሳውንም አስተኙት፤ በሊንዳ ሸክላ ላይ ያለው አንበሳ ግን ገና ያልተገደለ አንበሳ ነው።

ሸክላው በወጣ በ10 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ 100,000 ቅጂ ተሸጠ፤ ይህም በአፍሪካ ምድር ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ነበር። የዘፈኑ ስም የዘፈን ዓይነት ስም ሆነ፤ የእርሱን አካሄድ የተከተለው ሁሉ «ምቡቤ» ተባለ። ከእርሱም በጊዜ ብዛት ለስለስ ያለው፣ ጫማው ወለሉን እንደማይነካ ሆኖ በጣት ጫፍ እየተረገጠ የሚዘፈነው «ኢሲካታሚያ» ተወለደ። ከየገጠሩ የመጡ ወዛደሮች በሚያድሩባቸው የወንዶች ማደሪያ ቤቶች ቅዳሜ ማታ ተጀምሮ እሑድ ሲነጋ የሚያበቃ ውድድር ይደረግ ነበር፤ ዳኛውም ለማንም እንዳያደላ፣ ቋንቋውንም ጓዶቹንም የማያውቅ የውጭ ሰው፣ ብዙውን ጊዜም በመንገድ ሲያልፍ የተገኘ ነጭ፣ ተለምኖ ይቀመጥ ነበር። ጆሴፍ ሻባላላ ይመራው የነበረው፣ በ1986 ዓ.ም. ከአሜሪካዊው ፖል ሳይመን ጋር «ግሬስላንድ» በተባለው አልበም ላይ በመዝፈኑ በዓለም የታወቀው «ሌዲስሚዝ ብላክ ማምባዞ» የተባለው ጓድ ከዚህ ግንድ የበቀለ ቅርንጫፍ ነው።

«ምቡቤ» ወደ አሜሪካ የተሻገረበት መንገድ እንዲህ ነው። የሕዝብ ዜማ ሰብሳቢው አለን ሎማክስ ከአፍሪካ የመጡ፣ ሊጣሉ የነበሩ ሸክላዎችን ከአንድ ኩባንያ አግኝቶ ለጓደኛው ለዘፋኙ ለፒት ሲገር ሰጠው። ሲገር ከመካከላቸው «ምቡቤ»ን በሰማ ጊዜ እጅግ ተደንቆ ዜማውን ድምፅ በድምፅ በወረቀት ላይ አሰፈረ፤ የዙሉን ቃል ግን አጥርቶ ለመስማት አልተቻለውምና ተቀባዮቹ የሚሉትን «ዊሞዌ» ብሎ ጻፈው፤ «ዊቨርስ» የተባለው ጓዱም በ1951 ዓ.ም. በዚሁ ስም፣ በጎርደን ጄንኪንስ ኦርኬስትራ ታጅቦ አስቀረጸው። በተከታዩ ዓመት ዘፈኑ በአሜሪካ ከታወቁት ዘፈኖች መካከል ተቈጠረ። ዳሩ ግን ያ ዘመን በኮሙኒስትነት የተጠረጠረ ሁሉ የሚሳደድበት ዘመን ነበርና፣ የዊቨርስ ስም በጥቁር መዝገብ ገብቶ ሬዲዮኑም ቴያትር ቤቱም ደጁን ዘጋባቸው።

በሸክላው ላይ የደራሲ ስም በሚጻፍበት ሥፍራ «ፖል ካምቤል» የሚል ስም ይነበብ ነበር። ፖል ካምቤል የሚባል ሰው ግን አልነበረም። ዊቨርስና አሳታሚያቸው ባለቤት የላቸውም ያሏቸውን የቈዩ የሕዝብ ዜማዎች በስማቸው ለማስመዝገብ የፈጠሩት የብዕር ስም ነበር። የሊንዳም ዜማ፣ ደራሲው በሕይወት ቆሞ በጆሃንስበርግ ሲሄድ፣ ደራሲው ከጠፋ የጥንት ዜማ ጋር ተደምሮ በዚሁ ስም ተመዘገበ። ሲገር የዘፈኑን ባለቤት ስም ከሰማ በኋላ 1,000 ዶላር ልኮለታል፤ ውሉ በትክክል መፈጸሙን ሳያረጋግጥ መቅረቱንም በኋላ ዘመን በይፋ ተጸጽቶበታል።

ደቡብ አፍሪካዊቷ ሚርያም ማኬባ በ1960 ዓ.ም. በአሜሪካ ባሳተመችው የመጀመሪያ አልበሟ ውስጥ «ምቡቤ»ን በዙሉ ቃሉ ዘፈነችው። በዚያው ዓመት እናቷን ለመቅበር ወደ አገሯ ልትመለስ ብትሻ የአፓርታይድ መንግሥት ከለከላት። በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ መጥታ በመሪዎቹ ፊት የዘፈነችው ይህችው ማኬባ ናት። ስደተኛዪቱ ዘፋኝ ስደተኛውን ዘፈን በራሱ ልሳን ማሰማቷ እንደ ተራ ነገር የሚታለፍ አይደለም፤ ሌሎቹ ሲቀባበሉት የኖሩት የተበላሸውን ቃል ነበርና።

የዘፈኑ ዕጣ ፈጽሞ የተለወጠው በ1961 ዓ.ም. ነው። «ቶክንስ» የተባሉ የብሩክሊን ወጣቶች ዊሞዌን ለማስቀረጽ በፈለጉ ጊዜ፣ ሁጎ ፔሬቲና ሉዊጂ ክሪያቶሬ የተባሉት አስቀራጮቻቸው ግጥም ደራሲውን ጆርጅ ዴቪድ ዋይስን ጠርተው አዲስ የእንግሊዝኛ ቃል አስጻፉለት። ዋይስ የሠራው ሥራ ብልኅነት የተሞላበት መሆኑን መካድ አይገባም። በቀድሞው ሸክላ ላይ ዘፈኑ ሊያበቃ ሲል ብቻ የምትሰማውን ያችን የሊንዳን ድንገተኛ ሐረግ ከመጨረሻ አንሥቶ ወደ ፊት አመጣት፤ የዘፈኑ ዋና ዜማ አደረጋት፤ ቃሉንም በእርሷ ላይ ገጠመ። ጄይ ሲገል በቀጭን ድምፁ መራው፤ የኦፔራ ዘፋኟ አኒታ ዳሪያን ከበላዩ አዜመችለት። ሸክላው ሲወጣ ይህ ዘፈን የተቀመጠው በሁለተኛው ገጽ ነበር፤ የሬዲዮ አሰናጆች ግን ገልብጠው ያንኑ ያሰሙ ጀመር፤ በታኅሣሥ ወርም በአሜሪካ አንደኛ ሆኖ ሦስት ሳምንት ቈየ።

ከዚያ በኋላ የዘፈነውን ሁሉ መዘርዘር የሚቻል አይደለም። በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ ካርል ዴንቨር፣ በፈረንሳይ ደግሞ ኦንሪ ሳልቫዶር በየቋንቋቸው አወጡት፤ ሮበርት ጆን በ1972፣ ብራያን ኢኖ በ1975 ደገሙት፤ «ታይት ፊት» የተባለው ጓድ በ1982 በእንግሊዝ አንደኛ አደረሰው። አንዱ በጃዝ፣ አንዱ በዳንስ ምት፣ አንዱ ለሕፃናት እንደ እሹሩሩ አድርጎ ያዘው። ቃሉ ተለወጠ፣ ምቱ ተለወጠ፣ መሣሪያው ተለወጠ፤ ያልተለወጠው ሊንዳ በሦስተኛው ቅጂ መጨረሻ ላይ ያፈለቀው ዜማ ብቻ ነው።

እኔ በመዝፈናቸው አላዝንም። ዘፈን በአንድ አፍ ብቻ ተወስኖ የሚቀር ቢሆን ኖሮ የአባቶቻችን ዜማ ከእኛ ባልደረሰም ነበር፤ ቅዱስ ያሬድም ድጓውን ለደቀ መዛሙርት ባላስተላለፈ ነበር፤ ሊንዳ ራሱም ከሚስዮኑና ከማካዱ ዝማሬ ሳይወርስ «ምቡቤ»ን አይሠራም ነበር። በደሉ የተሠራው በመድረክ ላይ አይደለም፤ በጽሕፈት ቤት ነው። የድርሰት ሕግ ከእያንዳንዱ ሸክላ፣ ከእያንዳንዱ የሬዲዮ ስርጭት፣ ከእያንዳንዱ ፊልም ለደራሲው ድርሻ እንዲቈረጥለት ያዝዛል፤ ድርሻው ግን የሚሄደው በመዝገቡ ላይ ስሙ ለተጻፈው ሰው ነው። ድምፅን ማንም ሰምቶ ያውቀዋል፤ መዝገቡን ግን ከመዝጋቢው በቀር የሚያየው የለም። ዜማውን የደገሙት ዘፋኞች ሁሉ ለሊንዳ ዝና ጨመሩለት፤ በመዝገቡ ላይ የተጻፉት ጥቂት ስሞች ግን እንጀራውን ወሰዱበት።

ሊንዳ ራሱ በዘፈኑ ላይ ያለውን መብት ለጋሎ ኩባንያ የሸጠው በ10 ሽልንግ ነው። እንዲህ ያለውን ውል የፈረመ ሰው ሞኝ ነው የሚል ቢኖር፣ በ1948 ዓ.ም. የመጣውን የአፓርታይድን አገዛዝ ያስብ፤ ጥቁር ሰው በገዛ አገሩ ያለ ይለፍ ወረቀት ከሰፈር ወደ ሰፈር መሄድ በማይችልበት ምድር፣ የሸክላ አሻጊው ከአሠሪው ጋር ተከራክሮ የሚያሸንፍበት አደባባይ አልነበረም። በ1959 ዓ.ም. በመድረክ ላይ እየዘፈነ ሳለ ወደቀ፤ በሽታውም የኩላሊት መድከም ነበር። ቶክንስ በአሜሪካ አንደኛ ሆነው ዓመት ሳይሞላ፣ በ1962 ዓ.ም. በ53 ዓመቱ ዐረፈ። ለመበለቱና ለልጆቹ በባንክ ያስቀመጠላቸው ገንዘብ 25 ዶላር አይሞላም ነበር፤ በመቃብሩም ላይ 18 ዓመት ሙሉ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ አልቆመም።

ነገሩን ከተቀበረበት ያወጣው ደቡብ አፍሪካዊው ጋዜጠኛ ሪያን ማላን ነው። በ2000 ዓ.ም. «ሮሊንግ ስቶን» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ባወጣው ረጅም ጽሑፍ፣ የዜማውን ጉዞ ከውል ወደ ውል ተከትሎ፣ በ1994 ዓ.ም. የወጣው «ላየን ኪንግ» እና ከእርሱ የተወለደው ቴያትር ብቻ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ያስገኘ መሆኑን፣ የሊንዳ ሴት ልጆች ግን በጆሃንስበርግ የጥቁሮች ሰፈር በሶዌቶ በችግር እንደሚኖሩ ገለጸ። ያን ጽሑፍ ያነበበው ዓለም ደነገጠ፤ ድንጋጤው ብቻውን ግን ውልን አይሽርምና የሕግ ሰው አስፈለገ።

የሕግ ሰውየው ኦወን ዲን የተባለው የደቡብ አፍሪካ ጠበቃ ሲሆን፣ ያገኘው መሣሪያ አሮጌ ሕግ ነበር። በ1911 ዓ.ም. የወጣው የእንግሊዝ የንጉሠ ነገሥት ግዛት የድርሰት ሕግ፣ በደቡብ አፍሪካም ይሠራበት ነበርና፣ ደራሲ በሕይወቱ ሳለ ድርሰቱን ለሌላ ቢሸጥም እንኳ፣ ከሞተ 25 ዓመት ካለፈ በኋላ መብቱ ወደ ወራሾቹ ይመለሳል የሚል አንቀጽ አለው፤ በደራሲው በቻርልስ ዲከንስም ስም ይጠራል። ርስት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ሕግ ረጅም ማብራሪያ አያሻውም፤ አባት በችግሩ ቀን የለቀቀው መሬት ለልጅ የሚመለስበት ሥርዓት በድርሰት ላይ ሲሠራ ማለት ነው። ሊንዳ የሞተው በ1962 ነውና፣ በእንግሊዝ ግዛት ሥር በነበሩት አገሮች ሁሉ የ«ምቡቤ» መብት ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የልጆቹ ነበረ ማለት ነው፤ ቀድሞ የተፈረመ ፊርማ ሁሉ ይህን አያስቀርም ሲል ዲን ተከራከረ።

ክሱ በ2004 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት «ላየን ኪንግ»ን ባወጣው በዲዝኒ ኩባንያ ላይ ተመሠረተ። ኩባንያው አሜሪካዊ ስለሆነ በደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤት ሥር ለማዋል በአገሩ ያለው ንብረት መያዝ ነበረበት፤ ያለው ንብረት ደግሞ የተመዘገቡት የንግድ ምልክቶቹ ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል የሚኪ ማውስ ምልክት ሳይቀር በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተያዘ። በሶዌቶ በጠባብ ቤት የሚኖሩ ድኻ ሴቶች በዓለም ታላቅ የሆነውን የፊልም ኩባንያ ምልክት በሕግ አስያዙ ሲባል የሰማ ሁሉ ጉዳዩን በትኩረት ይከታተል ጀመር። ነገሩ ለክርክር ሊቀርብ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በየካቲት ወር 2006 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ የዘፈኑን መብት የያዘው አሳታሚ ከወራሾቹ ጋር ታረቀ። በዕርቁም መሠረት ስላለፉት ዓመታት ካሣ ተከፈለ፤ ከዚያ በኋላ ከሚገኘውም ድርሻ እንዲሰጣቸው ተወሰነ፤ ገንዘቡን የሚያስተዳድር የአደራ ድርጅት ተቋቋመ፤ የሰሎሞን ሊንዳም ስም «ዘ ላየን ስሊፕስ ቱናይት» በታተመበት ሥፍራ ሁሉ ከደራሲዎቹ ጋር እንዲጻፍ ስምምነት ሆነ። ዕርቁን ያዩት ሦስቱ ሴት ልጆቹ ናቸው፤ አራተኛዋ በ2001 ዓ.ም. በሕመም ዐርፋ ነበር።